የጉበቱ ምርመራና ገንፎው

ከውጫሌ ወደ ደሴ በሚሄደው አውቶቡስ ከፊቴ ባልና ሚስት ተቀምጠዋል።

«ሐኪሙ ጉበትህ ስብ ሳይዝ አይቀርም አለኝ። ከክንዴ የሚቀዳው ደም ደህና ከሆነ ጎኔን በመርፌ አይወጋኝም።»

«ኢንሻአላህ ደህና ነው።»

«ባለፈው በባዶ ሆድህ ና ቢለኝ አንቺ ገንፎ በቅቤ አበላሽኝ።»

«ደሙ የሚቀዳ ሰው በባዶ ሆዱ ልሸኝ? እስቲ ሐኪሙ ራሱ ይፍረደን!»

«ፈርዶማ ሳይቀዳኝ መለሰኝ። ዛሬስ አንቺ ምን በላሽ?»

«ምንም።»

«አንቺን ደግሞ ማን ከለከለሽ? ሐይቅ ስንደርስ ዳቦ እገዛልሻለሁ።»

«አንተ ሳትቀምስማ ወላሂ አይወርድልኝም።»

«ውጤቱ መጥፎ ቢሆንስ?»

«ቅቤውንም አብረን እንተዋለና።»

የጀመርኩትን ዳቦ ቀስ ብዬ ወደ ኮቴ ኪስ መለስኩት።