ጨፌውና ጭንጫው

ገበሬው አዛናው ቋሚና ማገር በሦስት አህያ ጭኖ ከወረታ በርብ ወንዝ ዳር ወዳለው ጨፌ ሲወርድ፣ ጎንደር ተምሮ አስተማሪ ከሆነው ከእኅቱ ልጅ ከመንግሥቴ ጋር መንገድ ላይ ተገናኙ። ጊዜው የሃምሳዎቹ መጀመሪያ ነው፤ ሰው ሁሉ የመኪና መንገድ ልቅረብ እያለ ወደ ሜዳው ይወርድ ነበር።

«እንዴት ዋሉ አጎቴ? ይህ ሁሉ እንጨት ለምን ይሆናል?»

«ልጄ አንለይ ጥር ላይ ሚስት ያገባል። ከጨፌው ላይ ጎጆ ልቀልስለት ነው።»

«ከከብቱ ግጦሽ ላይ?»

«ታዲያ የት ላድርገው? ንብረት የሚሉት የአጎቴ ልጅ አምና ጎጆ አቆመና እስከ ወንዙ መውረጃ አጠረ። ጎጆ የቆመበትን ማን ይነካል? ዛሬ ካልቀለስሁ ነገ የቀረውንም ይወስደዋል።»

አዛናው አልዋሸም። በዚያ አገር ሰው ቤት የሚሠራው ሊኖርበት ብቻ አይደለም፤ ዘመዱን ከርስቱ ሊያግድበት ጭምር ነው። አገር የሚያጠፋ ልማድ ነው፤ ግን ማን ደፍሮ ይናገር!

«ይፍቀዱልኝና ልጠይቅዎ» አለ መንግሥቴ። «የዛሬ ሦስት ዓመት ጨፌው ላይ ስንት ጎጆ ነበር?»

«ሁለት።»

«ዛሬስ?»

አዛናው በጣቱ እየቆጠረ አሥራ ዘጠኝ ላይ ደረሰ።

«ሁሉም ጓሮውን ሲያጥር ላሞችዎ በጋውን ምን ሊግጡ ነው? ከጨፌው በላይ ያለው ያ ጭንጫ ጉብታ ሣርም እህልም አያበቅልም። ርብ ሲሞላ ግን ውሃው አይደርስበትም፣ ትንኝም አይበዛበትም። ቤቱ ሁሉ እዚያ ተጠጋግቶ ቢሠራ ጨፌው ለከብት በተረፈ።»

«ከሽኮኮ ጋር ኑር ነው የምትለኝ? ለመሆኑ የእናትህ ቤት የት ነው?»

መንግሥቴ አንገቱን ደፋ። ከመጀመሪያዎቹ ሁለት ጎጆዎች አንዱ የእናቱ የይታይሽ ነበር።

«እውነትዎን ነው፤ ያሠራሁላት እኔ ነኝ። ማፍረሱም ከእኔ ይጀምር። ብቻችንን ግን አንውጣ። ሽማግሌ ይሰብሰብ፣ ንብረትም ጨፌውን ላያጥር ይማል፣ ቄሱም ከእንግዲህ ጨፌው ላይ ጎጆ የሚያቆመውን ይገዝቱ።»

የተማረ ሰው ጥፋቱን ሲያምን ማየት ብርቅ ነውና አዛናው ልቡ ተሸነፈ። አህዮቹን ወደ ጉብታው መልሶ የአንለይን ጎጆ እዚያ ቀለሰ። የሽማግሌውን ነገር ግን አሻፈረኝ አለ፤ ንብረትን መለመን ለእሱ ሞት ነበር። የምክሩን ግማሽ ተቀብሎ ግማሹን ጣለ።

ይታይሽም ቤቷን አፍርሳ ወጣች። ሳምንት ሳይሞላ ንብረት የእሷንም፣ አዛናው ሊቀልስበት የነበረውንም ቦታ አጠረ። እሱን ያየ ሁሉ አጠረ። በጋው ሲገባ የአዛናው ላሞች ከአጥር አጥር ሲንከራተቱ ከሱ።

ነሐሴ ላይ ርብ ሞልቶ ጨፌውን ባሕር አደረገው። ንብረት ልጆቹን ተሸክሞ፣ እስከ ወገቡ ረጥቦ ጉብታው ላይ ደረሰ። አዛናው የአንለይን ጎጆ በር ከፈተለት። የቤቱ ወለል ደረቅ ነው፤ እሳቱም ይነዳል። መንግሥቴም ለክረምቱ ዕረፍት መጥቶ እዚያው ነበር።

«አዛናው፣ ቦታውን ስትለቅልኝ ሞኝ መስለኸኝ ነበር» አለ ንብረት እየተንቀጠቀጠ። «ለካ የቤት ቦታ ይህ ኖሯል! ውሃው ሲጎድል እኔም ወዲህ እሠራለሁ፤ ጨፌውም ለከብቱ ይመለስ። ሽማግሌ ጥሩ፣ እምላለሁ።»

«ቀድሞ ነበር እንጂ መጥኖ መደቆስ!» አለ መንግሥቴ ምርር ብሎ። «አስቀድመን ተማክረን ቢሆን ልጆችዎ ከውሃ፣ ከብቱም ከራብ በዳኑ፤ ሣሩም በበጋው ለሁላችን በበቃ።»

ንብረት ዙሪያውን ተመለከተ። «ላሞችህስ የት አሉ?» ሲል ጠየቀ።

አዛናው እሳቱን ቆሰቆሰ እንጂ ቀና አላለም።

«ሚያዝያ ላይ ሐሙሲት ገበያ ነዳኋቸው፤ ከነጥጃቸው። ይህ ልጅ አንተንም ይዘን እንውጣ ብሎ ለምኖኝ ነበር። አንተን ከምለምን ላሞቼን ሸጥሁ።»