በብርድ ልብስ የተጠቀለለው መስታወት

ክቡር ዳይሬክተር፣ ክቡራትና ክቡራን፣ የምድር ቤቱ ወርክሾፕ ጓደኞቼ፤

ለስንብቴ ይህን አዳራሽ ላሰማመራችሁልኝ፣ ወንበር ስታመላልሱ ለዋላችሁት፣ ፎቶዬን ግድግዳው ላይ ለለጠፋችሁት ሁሉ ከልቤ አመሰግናለሁ። ፎቶው ላይ ፀጉር አለኝ። ከየት እንዳገኛችሁት አላውቅም። ፎቶውን ማለቴ ነው፤ ፀጉሩንማ እኔም ስፈልገው ቆይቻለሁ።

የፕሮግራም መሪዋ አሥር ደቂቃ ሰጥታኛለች። ምሳው የሚቀርበው ከኔ ንግግር በኋላ ነው ተብሏል። እንግዲህ ዛሬ በእጄ ናችሁ። በሠላሳ አንድ ዓመት ውስጥ እናንተ እንዲህ ፀጥ ብላችሁ ስታዳምጡኝ የመጀመሪያ ጊዜ ነው፤ ምክንያቱ ከኩሽናው የሚመጣው ሽታ መሆኑን ብጠረጥርም ደስ ብሎኛል።

አብዛኞቻችሁ የምታውቁኝ በሁለት ነገር ነው። አንዱ ግራ እጄ ነው። ወርክሾፕ ስትመጡ ሁልጊዜ ኪሴ ውስጥ ታገኙታላችሁ። ድሮ አንድ አለቃችን «ይኼ ሰውዬ በአንድ እጁ እየሠራ የሁለት እጅ ደመወዝ ይበላል» ብለው አምተውኛል። ሐሜቱ ደረሰኝ፤ እጄን ግን አላወጣሁም። ለምን? የድሮ ሞኒተር ከሶኬት ተነቅሎም ቢሆን ሰው የሚጥል ኤሌክትሪክ በሆዱ ይዞ ይቆያል። ሁለቱንም እጅ ከከተትክበት በአንዱ ገብቶ፣ በልብህ በኩል አልፎ፣ በሌላው ይወጣል። ሥራውን ያስተማሩኝ ሽማግሌ መጀመሪያ ቀን የነገሩኝ ይህንን ነው። «አንዱን እጅህን ኪስህ ውስጥ ክተት፤ ለሚስትህ ትተርፋለህ» አሉኝ። ይኸው ተርፌያለሁ። ባለቤቴ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ መትረፌ መልካም ይሁን አይሁን ገና እያሰበችበት ነው።

ሁለተኛው ነገር መሰብሰቤ ነው። ኮምፒውተር ወደ ሰው ቤት መግባት ሲጀምር አብረው የገቡትን፣ ሆዳቸው ወደ ኋላ የተገፋውን ሞኒተሮች ነው የምሰበስበው። አረንጓዴ ብቻ የሚያበሩ፣ ብርቱካናማ የሚያበሩ፣ ሁለት ሰው እንደ ሕፃን ታቅፏቸው ደረጃ የሚወጡ። የዛሬዎቹን ስስ ስክሪኖች አልሳደብም፣ እንጀራዬ ናቸው። ግን እናንተዬ፣ ሲበሩ ምን ይላሉ? ምንም አይሉም። የድሮው ስትከፍተው ጭርርር ይላል፤ ክንድህን ብታስጠጋው ፀጉርህ ይቆማል፤ የሞቀ አቧራ ይሸትሃል፤ ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደነቃ ሰው፣ ዓይኑን ይገልጣል።

አርባ አንድ አሉኝ። ከየደረጃው ሥር፣ ከየጋራዡ ነው የለቀምኳቸው። አንዱን ዶሮ ዕንቁላል ጥላበት አገኘሁት፤ ባለቤቱ ሞኒተሩን በነፃ ሰጠኝና በዕንቁላሎቹ ተከራከረኝ። ቤታችን የሚመጣ እንግዳ ከመቀመጡ በፊት አንድ ሞኒተር ማንሳት አለበት። ባለቤቴ በአንድ ወቅት «እኔን ያገባኸኝ ጠረጴዛ ስላለኝ ነው» ብላኛለች። አልካድኩም፤ ጥሩ ጠረጴዛ ነበር።

ፕላስቲካቸው ሲያረጅ ቢጫ ይሆናል። እሱን የሚያነጣው ፀጉር ቤቶች ፀጉር የሚያነጡበት ፈሳሽ ነው፤ ቀብተህ፣ በላስቲክ ሸፍነህ፣ ፀሐይ ላይ ታሰጣዋለህ። ሰፈራችን ያለችው ፀጉር ሠሪ ያን ሁሉ ጠርሙስ ስገዛ ዓይታ ዓይታ፣ አንድ ቀን አላስችላት ብሎ የባለቤቴ ፀጉር ምን ያህል ቢረዝም እንደሆነ ጠየቀችኝ። እዚህ መሥሪያ ቤታችን ጣራ ላይ ሳሰጣ ደግሞ ደመና ሲመጣ ሮጠው የሚጠሩኝ የበር ጥበቃዎቻችን ነበሩ። እናንተ ባትኖሩ ስንቱ በዝናብ ተዥጎርጉሮ ነብር መስሎ ይቀር ነበር። እግዜር ይስጥልኝ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሽታው እያየለ ነው።

ለጥገና ዕቃ ስታመጡ የምትሞሉትን ካርድ ታውቃላችሁ። አንደኛው መስመር፣ የዕቃው ዓይነት። ሁለተኛው፣ ብልሽቱ ምንድን ነው። ሦስተኛውስ? «የማይነካ ምን አለ?» ይላል። ይህ ጥያቄ በሌላ መሥሪያ ቤት ካርድ ላይ የለም፤ ጠይቄያለሁ። አንዳንዶቻችሁ ትቀልዱበታላችሁ። ከሒሳብ ክፍል አንዷ «ጠርዙ ላይ ያለችውን ተለጣፊ አትንኳት፣ ልጄ ናት የለጠፈችው» ብላ ጽፋለች። አንድ ትልቅ ሰው «ጨዋታውን እንዳታጠፉብኝ» ብለው ጽፈዋል። ማን እንደሆኑ አልናገርም፤ ክቡር ዳይሬክተር፣ አይሥጉ።

በቅርቡ ወንበሬን የተረከበችው የክፍላችን አዲስ ኃላፊ ይህ መስመር ከየት እንደመጣ ጠየቀችኝ። «ቆየት ያለ ነገር ነው» ብዬ አለፍኳት። ዋሸኋት ባይባልም ሸሸኋት። ዛሬ በሁላችሁ ፊት እነግራታለሁ።

የመዝገብ ቤት ኃላፊ የነበሩትን እትዬን ነባሮቹ ታውቋቸዋላችሁ። «እትዬ መዝገብ» እንላቸው ነበር፤ እሳቸውም ያውቃሉ። ጡረታ ከወጡ አምስት ዓመታቸው ነው። እትዬ የሚታወቁት በመስኮታቸው ነው። ልክ ስድስት ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ይዘጋል። ሚኒስትር ይቁም፣ እሳት ይነሳ፣ እትዬ ምሳቸውን ይበላሉ። ስንቶቻችን በዚያ መስኮት ፊት በልባችን ተሳድበናል? እኔ ተሳድቤያለሁ።

የዛሬ አሥራ አራት ዓመት፣ ባለቤታቸው ካረፉ አንድ ዓመት ከመንፈቅ ቢሆን ነው፣ እትዬ የቤታቸውን ሞኒተር በታክሲ ጭነው ወርክሾፕ መጡ። ትንሽ፣ አረንጓዴ የሚያበራ፣ ከጊዜ ብዛት እንደ ሻይ የጠቆረ። «ቷ አለና ጠፋ። እንዲበራ ብቻ አድርግልኝ» አሉኝ። እንዲበራ ብቻ። ይህን ቃል ልብ በሉልኝ።

ብልሽቱ የአውራ ጣቴን ጥፍር የምታክል፣ ኤሌክትሪክ የምታጠራቅም አንዲት ካፓሲተር ነበረች። አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቀየርኳትና በራ። እዚህ ላይ ባቆም ኖሮ ዛሬ ንግግሬ አጭር ይሆን ነበር። ነገር ግን መስታወቱ ላይ እድፍ አየሁ። አንድ ጽሑፍ ለዓመታት ሳይቀየር ሲበራበት የኖረ ሞኒተር ጽሑፉ መስታወቱን ይበላዋል። ሲጠፋም ጥላው ይታያል። ለኛ ለጠጋኞች ይህ በሽታ ነው። እኔ ደግሞ በዚያ ዕድሜዬ እጄ የማያድነው በሽታ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ከዓይነቱ አንድ ንፁህ መስታወት፣ ከኋላ አንገት ያለውን፣ ውስጡ አየር የሌለውን ትልቁን ጠርሙስ ማለቴ ነው፣ ነበረኝ። ስሳሳለት የኖርኩት ነው። ለእትዬ ይገባቸዋል አልኩና ቀየርኩት፤ ቅርፊቱንም ጣራ ላይ አስጥቼ እንደ ወተት አነጣሁት። አሮጌውን መስታወት፣ ደንባችን እንደሚያዘው፣ አንገቱ ላይ ያለችውን ጫፍ በፒንሳ ሰብሬ አየር አስገባሁበት። እንዲህ ካልተደረገ ሲወድቅ እንደ ቦምብ ነው የሚፈነዳው። አንዴ አየር ከገባው በኋላ ግን ዓለም ቢሰበሰብ አይበራም። ከዚያ ወደ ቁርጥራጭ ማጠራቀሚያው ላክሁት።

እትዬ መጡ። አበራሁላቸው። ፈገግ አሉ። ከዚያ በገዛ እጃቸው አጠፉትና ጨለማውን መስታወት ዝቅ ብለው አዩት። በዚህ በኩል አዩት፣ በዚያ በኩል አዩት።

«ጽሑፉስ?» አሉኝ።

«እድፍ ነበር እትዬ። አጠፋሁልዎት» አልኩ። አያችሁ፣ በኩራት ነው ያልኩት። ምርቃት እየጠበቅሁ ነበር።

በርጩማዬን ስበው ተቀመጡ። ነገሩን ያስረዱኝ ሳይቆጡ ነው፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። እትዬ በወጣትነታቸው ሥራ ከያዙ እህል ውሃ የማያስታውሱ ሰው ነበሩ፤ እንዲያውም አንድ ቀን እዚሁ መዝገብ ቤት ራሳቸውን ስተው ወድቀዋል። ባለቤታቸው፣ የማተሚያ ቤት ሠራተኛ፣ ያንን የቤት ኮምፒውተር ገዝተው የአማርኛውን ፊደል አንድ በአንድ፣ ነጥብ በነጥብ ራሳቸው ሳሉለት። ሦስት ወር ፈጀባቸው። በሕይወታቸው የሠሩት ፕሮግራም እሱ ብቻ ነው፣ ያውም ሁለት ቃል። ሞኒተሩን ከመግቢያው በር አጠገብ አስቀመጡት፤ አሥራ ሰባት ዓመት አልጠፋም። እትዬ ከሥራ ገብተው ኮታቸውን ሳያወልቁ የሚያዩት እሱን ነው።

«ምሳሽን በላሽ?» ይላል።

ለዚህ ነበር መስኮቱ የሚዘጋው። ማታ በሩን ሲከፍቱ የሚመልሱት መልስ እንዲኖራቸው ነው። እኛ ውጪ ቆመን እንሳደባለን።

ኮምፒውተሩ ሞኒተሩ ቷ ባለ ዕለት ከነፕሮግራሙ አብሮ ተቃጥሏል፤ የባለቤታቸው ጽሑፍ የቀረው መስታወቱ ላይ ብቻ ነበር። «አሮጌው መስታወት አለ?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ተጥሏል» አልኩ። «ይሁን። እጅህ ይባረክ» ብለው ሞኒተራቸውን ይዘው ሄዱ።

እሳቸው ከበር ሳይወጡ ከኋላ በኩል ባለው ደረጃ ወደ ንብረት ክፍል ሮጥኩ። የንብረት ክፍላችንን ሰው፣ «አይወጣም» የምንለውን፣ ታውቁታላችሁ፤ ያለ ወረቀት ነፍሱም አይወጣም። የተጣለ ቁርጥራጭ ለመውሰድ ሦስት ፊርማ አስፈረመኝ። እግዜር ይባርከው፣ ቀስ ያለ ሰው በመሆኑ ገና መኪና ላይ አልጫነውም ነበር። መስታወቱን ተቀብዬ ቤት ወሰድኩና በብርድ ልብስ ጠቀለልኩት። የኔ እመቤት፣ አሥራ አራት ዓመት ሠራተኛዋን፣ እህቴን፣ ጎረቤቷን የጠረጠርሽበት ሰማያዊ ብርድ ልብስ እሱ ነው። ሌባው እኔ ነበርኩ፤ አሁን ሰው ሁሉ ይስማልሽ።

ለምን ወዲያው አልመለስኩላቸውም? እኔም ራሴን ጠይቄያለሁ። የማይበራ ነገር ይዤ ሐዘንተኛ ደጅ ልቁም? እኔ እኮ ጠጋኝ ነኝ፤ የሞተ ዕቃ አስረክቤ አላውቅም። መጀመሪያ መላ ልፈልግ አልኩ። መላ የለውም። ከዚያ በዓል ይለፍ አልኩ፣ ከዚያ ክረምቱ ይለፍ አልኩ። አንድ ጊዜ «ተጥሏል» ካልክ በኋላ «አለ» ለማለት በየዓመቱ ይብሳል። ማድረግ የቻልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ በማግስቱ ካርዱ ላይ ሦስተኛውን መስመር ጨመርኩ። እትዬ ግን ከዚያ በኋላም በየኮሪደሩ ሲያገኙኝ ከኔ ቀድመው ሰላም ይሉኝ ነበር። ያ ሰላምታቸው ነው ያቃጠለኝ።

ባለፈው ወር፣ ሞኒተሮቹን ለወርክሾፑ ላስረክብ ቤት ሳጸዳ፣ ባለቤቴ ብርድ ልብሱን አገኘች። ጠብ ይነሳል ብዬ ተዘጋጀሁ። እሷ ግን መስታወቱን ወደ መስኮቱ አዙራ ጥላውን አነበበችው። «ይኼ የማን ደብዳቤ ነው?» አለችኝ። ሁሉንም ነገርኳት። አይበራም እኮ አልኳት።

«ደብዳቤ መብራት አለበት እንዴ?» አለችኝ።

ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ሙያ ኖሬ ይህንን ያስተማረኝ ሰው አልነበረም።

እትዬ፣ ሦስተኛው ረድፍ ላይ እንዳሉ አይቼዎታለሁ። ለስንብት ምሳ ብቻ ነው ብዬ ጠራሁዎት፤ አታለልኩዎት፣ ይቅር ይበሉኝ። በፊትም አታልዬዎታለሁ። ያልታመመውን መስታወት ቀየርኩ፤ ቀጥሎም ያለውን የለም አልኩ። ሁለቱንም በሰው ፊት ነው የምናዘዘው፤ በስውር ተናዝዤ እንዳላመልጥ።

አይወጣም፣ ወዳጄ፣ በል አምጣው። ቀስ፣ ጋሪው ደፍ ላይ እንዳይነጥር። ዛሬ ያለ ወረቀት ማውጣቱን መዝገቡ ላይ ጻፉለት። መጋረጃውን አንድ ሰው ይግለጥልኝ፣ ብርሃኑ ከጎን ሲመጣ ነው የሚነበበው። የእንጨት መቆሚያውን የሠራችው አዲሷ ኃላፊ ናት፤ ለምን እንደሆነ ሳልነግራት።

ይኸው እትዬ። አይበራም። ጽሑፉ ግን አለ፤ አልተነካም።

አትቸኩሉ፣ እናንተም ዝም በሉ። ያንብቡት።

ምን አሉ እትዬ? ማይክራፎኑ አልያዘውም። ከኋላ ላላችሁ እኔ ልድገመው። እሱን እያዩ፣ «ገና ነኝ» አሉት።

ገና ናቸው እኮ፣ ጎበዝ። ታዲያ እኔ ምን አቁሞኝ ነው የማወራው? ሰዓቱ ስድስት ተኩል ሆኗል፤ በመዝገብ ቤት ሕግ ግማሽ ሰዓት አጥፍተናል።

ምርቃቴን ልስጥና ልውረድ። ሠላሳ አንድ ዓመት የታገሣችሁኝ፣ ልጆቻችሁ ይደጉ፤ ሽማግሌ ያላችሁ በጤና ይሰንብቱላችሁ። አርባ አንዱን ሞኒተሮቼን የምትረከቢው አዲሷ ኃላፊ፣ እጅሽ አይሰነፍ፤ አንዱ ደግሞ ከኪስሽ አይውጣ። ክቡር ዳይሬክተር፣ ጨዋታዎት አይጥፋ። እትዬ፣ ዕድሜ ይጨምርልዎ። እኔም ወደ ቤቴ፣ ብርድ ልብሷ ወደተመለሰላት ሴት እሄዳለሁ።

ሁላችሁም፣ ወደ ቤት ስትገቡ «ምሳችሁን በላችሁ?» ብሎ የሚጠይቃችሁ ሰው አይጥፋባችሁ። እናንተም የምትጠይቁት አትጡ።

በሉ እትዬ፣ ክንዴን ይያዙ። ከፊት የምንሄደው እኛ ነን።