በሩን ዘግተው የሚከራከሩት ምክትላችን

እንግዲህ ጋሼ ቆይ፣ ዛሬ በጡረታ መሸኛዎ ቀን «ቆይ እስቲ» ማለት አይቻልም። ተቀምጦ መስማት ብቻ ነው።

አዲስ ለገባችሁ ልጆች፣ እኚህ ሰው ወደዚህ ጋራዥ የመጡበትን ቀን ልንገራችሁ። እኔ ያኔ አውቶቡስ ውስጥ የተረሳ ዕቃ በሚመለስበት መስኮት ነበርኩ። ጥበቃው ከረባት ያሰሩ፣ ግራ የገባቸው ሰው ሲያይ ዕቃ የጠፋባቸው ተሳፋሪ መስለውት ቀጥታ እኔ ጋ አመጣቸው።

«ምን ጠፋብዎት ጋሼ?»

«ቢሮዬ።»

እኔም ቀና ሳልል፣ «ቀለሙ ምን ዓይነት ነው?»

አዲሱን ምክትል ሥራ አስኪያጅ የተቀበልናቸው እንዲህ ነው። እሳቸው ግን አልተቆጡም። «ቆይ እስቲ» አሉና አሰቡ። «እኔም ገና አላየሁትም።» ስማቸው የወጣው ያኔ ነው።

ልማዳቸውን ታውቁታላችሁ። ሸሚዛቸው ኪስ ውስጥ ሁለት መነጽር አለ፤ አንዱ የራሳቸው፣ አንዱ ሥራ አስኪያጃችን እትዬ የራሳቸውን ረስተው ለሚመጡበት ቀን። ግቢውን ሲዞሩ ከእትዬ ትንሽ ወደ ኋላ ብለው ሹክ ይሏቸዋል። እትዬ ወደ አንዱ ሹፌር ዞር ብለው፣ «የእናትህ ጉልበት ተሻላት?» ይላሉ። ሹፌሩም «እኚህ ሴትዮ እንዴት ያለ ጭንቅላት አላቸው!» እያለ ሲያወራ ይውላል። እትዬ፣ ይቅርታ፣ ምስጢርዎን አወጣሁት።

ከሁሉ የምናውቀው ግን በሩን ነው። ጋሼ እትዬ ቢሮ ገብተው በሩን ከዘጉ ክርክር አለ ማለት ነው። እኛ ስምሪት ክፍል ሥራ ፈትተን እንጠብቃለን፤ ማን እንዳሸነፈ ከፊታቸው ለማንበብ። አንድም ቀን አልተሳካልንም። ያው ፊት፣ ያው ቃል፦ «ወስነናል።»

ሹፌሮች በየቀኑ አውቶቡስ እንዲቀያየሩ የተወሰነበት ጊዜ ትዝ ይላችኋል? እስከዚያ ድረስ እያንዳንዱ የራሱ አውቶቡስ ነበረው፤ ሞተሯ ስታስነጥስ ከመካኒኩ በፊት የሚሰማት እሱ ነበር። ግቢው ተናወጠ። ጋሼ መሃል ቆመው የውሳኔውን ጥቅም አስረዱ። አንዱ፣ ያውና እየሳቀ ነው፣ «ይሄ የእርስዎ ተንኮል ነው! እትዬ እንዲህ ያለ ነገር አያስቡም!» ብሎ ጮኸባቸው። ጋሼ «ቆይ እስቲ፣ ልጨርስ» ብለው ቀጠሉ።

ከዚያ በኋላ እንግዳ ድምፅ የሰማ ሹፌር ሁሉ «ነገ የሚይዛት ይናገር» እያለ ዝም አለ። ግቢው በተበላሹ አውቶቡሶች ሞላ። እትዬ ሁላችንንም ሰብስበው፣ ወደ ጋሼ እያመለከቱ፣ «ይሄ ሰው አይሆንም ብሎኝ ነበር፤ አልሰማሁትም። ጥፋቱ የእኔ ነው። ነገ ሁላችሁም ወደየአውቶቡሳችሁ» አሉ።

ጋሼ ሲቆጡ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«ምን ነካሽ? ለምን ነገርሻቸው?»

«ታዲያ የእኔን ስድብ ስትጠጣ ልትኖር ነው?»

ከሰኞ ጀምሮ የጋሼ የምክትልነት ወንበር የእኔ ነው። ለምን እዋሻችኋለሁ፣ ፈርቻለሁ። ባለፈው ሳምንት ሄጄ፣ «ጋሼ፣ እኔ አልችልም። ያልተስማማሁበት ነገር ፊቴ ላይ ያስታውቃል» አልኳቸው።

«ፊትሽን ተይው፤ በሩን ዝጊ። ውስጥ ሆነሽ የመሰለሽን ሁሉ ንገሪያት፤ አትቀየምም። ስትወጪ ግን የተወሰነውን እንደ ራስሽ ልጅ ታቅፈሽ ውጪ።»

«ቢከብደኝስ?»

«ይከብዳል እንጂ! ልጅ ታቅፈሽ አታውቂም እንዴ?»

ጋሼ፣ የእኛን ምሬት ሳያቃልሉ ወደ ውስጥ፣ የእትዬን ውሳኔ ሳያጣምሙ ወደ ውጭ ስላደረሱልን ከልብ እናመሰግናለን። ባለቤትዎንም እናመሰግናለን፤ ይህን ያህል ዘመን እርስዎን አውሰውናል። እርስዎ ቤትም ውስጥ ምክትል እንደሆኑ ሰምተናል፤ እንግዲህ ከነሙሉ ልምድዎ መልሰንላቸዋል።

በሉ፣ ብርጭቆ አንሱ። ጤናና ዕድሜ ይስጥልን! ጠዋት ማንም ሳይጠራዎት የሚነሱበት፣ የልጅ ልጆችዎን በቀን ብርሃን የሚያዩበት ዘመን ይሁንልዎ።

እትዬ፣ ሰኞ ጠዋት መጥቼ በሩን እዘጋለሁ፤ ይዘጋጁ።

ጋሼ፣ ያን ቀን የጠፋብዎት ቢሮ እኔ ጋ ነው፤ ቀለሙንም አሁን አውቀዋለሁ። በናፈቀዎት ቀን ይምጡ፤ በመስኮቱ ሳይሆን በበሩ ይግቡ።

ለጋሼ ቆይ!