የጠጄ ዶሮ ዘር

(ጥልሊ አቅራቢያ ባለች መንደር፣ ሚስቱ ጠጄ በሞተች በአምስተኛው ወር፣ ገደፋው ሁለት ወር ተኩል የሆናቸውን አራት ጫጩቶች በቅርጫት ይዞ፣ ወንድና ሴት ጫጩት በመለየት የታወቀችው ጎረቤቱ እታለም አንጓች ደጅ ተቀምጧል።)

ገደፋው፦ ደግመሽ እዪው እንጂ እታለም። ነካ አድርገሽ ነው እኮ የተውሽው።

አንጓች፦ ምኑን ልየው? ወንድ ነው አልሁህ። ቅልጥሙን ጨብጠው፤ አይወፍርም? የጀርባው ላባ ጫፉ ሹል ነው፤ ሴት ቢሆን ክብ ይል ነበር።

ገደፋው፦ ያኛውም ወንድ፣ ይኸኛውም ወንድ። ዛሬ ምን ነክቶሻል?

አንጓች፦ እኔ ምን አደረግሁ? እንዲህ ሆነው ተፈለፈሉ።

ገደፋው፦ እሺ ይችስ? ይቺ እንኳ ሴት ትመስላለች።

አንጓች፦ ሴትስ ሴት ናት። ግን የጠጄ ዘር አይደለችም። እግሯን አታየውም እንዴት እንደረዘመ? የኔዋ የፈረንጅ ዶሮ እንቁላል ናት። ከእርዱ የተረፈውን ያንተን እንቁላል ከኔ ዶሮ ሥር ስናስታቅፍ አንዱ ተቀላቅሎ ነው።

ገደፋው፦ የፈረንጅ ዶሮ ምን ያደርግልኛል። ልጄ ብርቄ በእናቷ ዶሮ መሀል ያደገች ናት፤ አይታ ታውቃታለች።

አንጓች፦ ለብርቄ ነው እንዴ የፈለግኸው?

ገደፋው፦ ለማን ይሆናል? ቅዳሜ ባሏ ይወስዳታል። ጠጄ፣ ነፍሷን ይማረውና፣ "ጎጆ ስትወጪ ከዘሬ አንዲት ቄብ እሰጥሻለሁ" ስትላት ነው የኖረች። እኔ ደግሞ ለአርባዋ ግቢ ያለውን ዶሮ ሁሉ አረድሁት። በሬዬን እንጂ ዶሮ መቼ ለይቼ አውቃለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ልጄ እራቴን ታቀርብልኛለች እንጂ ቀና ብላ አታየኝም። እንዳኮረፈችኝ ልትሄድብኝ ነው እታለም። የእናቷን ቄብ ይዤ ብቀርብ ግን ታናግረኝ ነበር።

አንጓች፦ እስቲ አራተኛዋን አምጣት።

ገደፋው፦ እንኪ። ቀስ አድርገሽ ያዣት።

አንጓች፦ ይቺ ቄብ ናት።

ገደፋው፦ ምን አልሽ?

አንጓች፦ ቄብ ናት አልሁህ። ያውም ጥርት ያለች የጠጄ ዘር።

ገደፋው፦ ተመስገን። ዕድሜ ይስጥሽ እታለም። እስቲ ስጪኝ፣ እኔም ልያት። ... እታለም።

አንጓች፦ አቤት።

ገደፋው፦ የሴት ላባ ክብ ነው አላልሽኝም ቅድም?

አንጓች፦ ብያለሁ።

ገደፋው፦ የዚች እኮ ሹል ነው። ቅልጥሟም ከዚያኛው አይተናነስም።

አንጓች፦ ዛሬ ገና ዶሮ ማየት ጀመርህ?

ገደፋው፦ ዓይኔን እያየሽ ንገሪኝ።

አንጓች፦ ወንድ ነው። ከአራቱ አንዲትም የጠጄ ሴት የለችም።

ገደፋው፦ ታዲያ በኔ ሐዘን ትቀልጃለሽ?

አንጓች፦ ቀልድ አይደለም ወንድሜ። ሐሙስ ዕለት አንተ እርሻ ስትውል ብርቄ እነዚሁኑ ይዛ መጥታ ነበር። እንዲሁ እንደ ዛሬው አንድ በአንድ አየሁላት።

ገደፋው፦ ብርቄ?

አንጓች፦ እሷው ናት። "አባቴ መምጣቱ አይቀርም፤ እንዳያዝን አንዱን ቄብ ናት በይልኝ። ቅዳሜ ይዤው እሄዳለሁ፤ አድጎ ሲጮህ አይሰማም" አለችኝ።

ገደፋው፦ ተቀይማኝ የለ እንዴ?

አንጓች፦ ማን ተቀየመህ? እናቷ ልትሞት ስትል "የዘሬን እናት፣ ቀይዋን ዶሮ እንዳታስነኪ" ብላ አደራ ያለችው እሷን ነው። ለአርባዋ አንተ ቢላ ይዘህ ስትቆም፣ ዶሮዎቹን እየያዘ ያቀበለህ ማን ነበር?

ገደፋው፦ እሷ ናት።

አንጓች፦ በዚያ ግርግር፣ ዓይኗን እንባ ሞልቶት፣ ቀይዋንም አቀበለችህ። ቀና ብላ የማታይህ አፍራ ነው። ስንት ወር ሙሉ ሆዷን ሲበላት ከረመ።

ገደፋው፦ የኔ ልጅ። አንድ ቀን እንኳ "ምን ሆንሽ?" ሳልላት።

አንጓች፦ እንዳልነግርህ አስምላኝ ነበር። እንግዲህ ቤት ስትገባ ምን ልትላት ነው?

ገደፋው፦ የዚህን የአራተኛውን እግር እሰሪልኝ። እታለም አንጓች ቄብ ናት አለችኝ ብዬ በእጄ እሰጣታለሁ።