ቁልፉን የወሰደ ይመልሳል

ጋሽ ልዑልሰገድ፣ ወንበርዎን ወደ እኔ ያዙሩልኝ። ዛሬ ተቀያሪ ወንበር ላይ የሚቀመጡት እርስዎ ነዎት፤ ፊሽካውም እኔ እጅ ገብቷል። እናንተም ዝም በሉ። ኬኩ እግር የለውም፣ የትም አይሄድም።

ከመጀመሪያው ቀን ልጀምር። እኔ ያኔ አልነበርኩም፤ ያዩት ጋሽ ንጋቱ ናቸው። ውሸት ካለበት እዚያ ጥግ ተቀምጠዋል፣ እሳቸውን ያዙ። በፈረንጆቹ ዘጠና ስድስት ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ ያለው ፓርኪንጋችን በር ላይ አንድ ሰው ሙሉ ሱፍ ለብሶ፣ ከረባት አስሮ፣ የቆዳ ቦርሳ አንጠልጥሎ ከች ይላል። ለካ ጋሽ ልዑልሰገድ ናቸው፤ የሥራ የመጀመሪያ ቀናቸው! ጋሽ ንጋቱ ሱፉን ሲያዩ ደንበኛ መሰሏቸውና እጃቸውን ዘረጉ።

"ቁልፍ?"

"መኪና የለኝም። በአውቶቡስ ነው የመጣሁት።"

"እሺ፣ አውቶቡሱን የት አቆሙት?"

ሁሉም ሳቀ። ጋሽ ልዑልሰገድ ግን አልሳቁም። ዘወር ብለው መንገዱን በደንብ አዩና "አልቆመም፣ ሄዷል" ብለው መለሱ። ይኸው ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ለቀልዳችን በቁም ነገር ሲመልሱልን ኖሩ።

አሁን ብሩክታይት እያፈጠጠችብኝ ነው። ብሩክታይት ካሸራችን ናት፤ ይኼንን ሽኝት ያዘጋጀችውም እሷ ናት። የማነበውን ንግግር በኮምፒውተር ጽፋ ሰጥታኛለች። "ፍሰሐ፣ ይኼን ብቻ አንብብ። ያንን ጨዋታ እንዳታነሳ። መርዋንም ይመጣል፣ በእናትህ!" ብላኛለች። ወረቀቱ ይኸው፣ ኪሴ ውስጥ ነው። እዚያው ይቆይ።

ያንን ጨዋታ አነሳዋለሁ።

በፊት ግን እትዬ ሰርክአዲስ፣ ባልዎ ሥራ ቦታ ምን እንደሚያደርጉ ልንገርዎት፤ እሳቸው አይነግሩዎትማ። እኛ የሰው መኪና ተቀብለን እናቆማለን፤ ቁልፉን ሰሌዳ ላይ በቁጥሩ እንሰቅላለን። ጋሼ ጠዋት ሲገቡ እያንዳንዱን ቁልፍ በጣታቸው እየነኩ ይቆጥራሉ። ሊወጡ ሲሉ ይቆጥራሉ። አሳንሰሩ ጋ ደርሰው ይመለሱና እንደገና ይቆጥራሉ። እቤትም ማንኪያ ይቆጥራሉ እንዴ? ይተዉት፣ ፊትዎ ላይ አየሁት።

ደግሞ ፊሽካው! አገር ቤት የስፖርት አስተማሪ ስለነበሩ ፊሽካውን አንገታቸው ላይ አድርገው ነው አሜሪካ የገቡት። መኪና ወደ ኋላ ስናስገባ ፊሽካ። ሳንድዊች ስንገምጥ ፊሽካ። ደንበኛ ሲመጣ "ሰውህን ያዝ!" ይሉኛል።

"ጋሼ፣ ሰውዬው እኮ ሊከፍል ነው የመጣው።"

"ይዘኸው ይክፈል!"

የቅርጫት ኳስ ቡድናችንን ያቋቋሙት እሳቸው ናቸው። በየዓመቱ መስከረም የሲልቨር ስፕሪንግና የአሌክሳንድሪያ ፓርኪንግ ሠራተኞች ለአንድ ዋንጫ ይጋጠማሉ። እኛ የምንለማመደው የት ነበር? ምድር ቤት፣ ሦስተኛው ወለል፣ ሚኒቫን እንኳ ጎንበስ ብላ የምትገባበት። ጣራው ዝቅ ስላለ ኳስ መወርወር የተማርነው ወደ ፊት እንጂ ወደ ላይ አይደለም። የአሌክሳንድሪያ ልጆች ሜዳ ላይ ሲያዩን "ኳሳችሁ ጭንቅላቷን እንዳትመታ ትፈራለች እንዴ?" አሉን። ወደ ላይ የሚወረውር አንድ ሰው ብቻ ነበረን፤ ከሺፍት በኋላ ብቻውን ጣራው ላይ ወጥቶ ይለማመድ ነበራ። መርዋን። ያው በሩ ጋ የተቀመጠው፣ ክንዱን አጣምሮ። መርዋን፣ እስቲ እጅህን አውጣ።

እሺ፣ አታውጣ።

የዛሬ አምስት ዓመት፣ በፈረንጆቹ 2012፣ እሁድ ከሰዓት፣ አሌክሳንድሪያ። እስከ እረፍት ሃያ ስምንት ለአሥራ ስምንት እንመራለን። ከሃያ ስምንቱ አሥራ ዘጠኙን ያገባው መርዋን ነው። ደጋፊው ከስካይላይን፣ ከሮክቪል፣ ልጅ አዋቂውን ጭኖ መጥቷል። እኔ የድስት ክዳን በድስት ክዳን እመታለሁ። እኛ ዋንጫውን የት እንደምናስቀምጥ እየተጨቃጨቅን ሳለ የጋሼ ስልክ ጮኸ። ሲልቨር ስፕሪንግ ተረኛ የነበረችው ብሩክታይት ናት። "የአሥራ አራት ቁጥር ቁልፍ ሰሌዳው ላይ የለም። ባለመኪናዋ እያለቀሰች ነው። እናቷ ከሆስፒታል ወጥተው ደጅ ላይ በዊልቸር ሆነው እየጠበቋት ነው" አለች።

ጋሼ ፊሽካ ነፉ። "ሁላችሁም ኪሳችሁን ፈትሹ!" መርዋን እጁን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተ። ቁልፉ ወጣ።

"ጋሼ፣ እኔ ይኼን መኪና አልነካሁም" አለ።

"ኪስህ ውስጥ ነው የተገኘው።"

"አልነካሁም አልኩዎት! ማን እንደከተተው አላውቅም።"

"ቁልፍ በራሱ ኪስ አይገባም።"

"እሺ ሌላ ሰው ያድርሰው። ፍሰሐ ይሂድ! ቁጭ ብሎ ክዳን ይደበድባል።"

"ቁልፉን የወሰደ ይመልሳል። ሴትዮዋ መኪናዋን የሰጠችን እኛን አምና ነው፤ ዋንጫ ብሉ ብላ አይደለም።"

"ውሸታም ነህ ነው የሚሉኝ? በዚህ ሁሉ ሰው ፊት?"

ጋሼ በጣታቸው በሩን አሳዩት። መርዋን ማሊያውን አወለቀና እግራቸው ሥር ወርውሮ ወጣ። ቁልፉን አድርሷል፤ እሱን ማንም አይክደውም። ወደ ሜዳ ግን አልተመለሰም።

አርባ አንድ ለአርባ ተሸነፍን። በአንድ ነጥብ! የመጨረሻዋን ኳስ እንደለመድነው ጠፍጣፋ አድርገን ለቀቅናት፤ ከቅርጫቱ በታች አለፈች። በሳምንቱ መርዋን ወደ አሌክሳንድሪያ ፓርኪንግ ተዛወረ። ይኸው ከዚያ ወዲህ አራት ዓመት በተከታታይ እኛው ላይ ያገባል፤ እኛም ቁጭ ብለን እናያለን።

ደጋፊ ደግሞ አይረሳም። በየሰኞው ጋሼ መኪናቸው መስታወት ላይ፣ አቧራው ላይ "41 ለ 40" ተጽፎ ያገኙ ነበር። ጸሐፊው እኔ ነኝ። ስልሳኛ ልደታቸው ላይ ኬኩ ላይ አርባ ሻማ ብቻ ሰካሁ። "ሃያው የት ሄደ?" አሉኝ። "ቁልፍ ሊያደርስ" አልኳቸው። ያኔ ሁላችሁም አጨብጭባችኋል፤ አሁን ጣራ ጣራውን አትዩ። ቁልፍ የጠፋ ቀን ሁሉ "አይዞን፣ ጋሼ ጎበዙን ይልኩታል" የምትሉት እናንተ ናችሁ።

ይኼን ሳምንት ደግሞ ተራ በተራ እየመጣችሁ ለመናችሁኝ። "ትልቅ ሰው ናቸው፣ ጡረታ መውጣታቸው ነው፣ በቃ ይቅር በላቸው" አላችሁኝ። አልልም! ጡረታ ዋንጫ አይመልስም። ያ ዋንጫ የእኛ ነበር። ይኼን ዛሬ እላለሁ፣ ጋሼ ሰማንያ ሲሞላቸውም እቤታቸው ሄጄ እላለሁ።

ግን አርብ ዕለት ጋሼ መሳቢያቸውን ሲያጸዱ ጠሩኝ። ከደብተራቸው መሀል አንድ የቲኬት ቁራጭ አውጥተው ሰጡኝ። መኪና ስንቀበል ቲኬቱ ለሁለት ይቀደዳል፤ ግማሹ ለባለመኪናው ይሰጣል፣ ግማሹ ቢሮ ይቀራል። ቢሮ በሚቀረው ላይ መኪናውን ያቆመው ሰው ይፈርማል። አየሁት። ቁጥሩ አሥራ አራት። ቀኑ የዚያን እሁድ። ፊርማው የእኔ።

"ይኼ ያንተ ነው" አሉኝ።

አዎ። አትንጫጩ፣ በትክክል ሰምታችኋል። ቁልፉን መርዋን ኪስ ውስጥ የከተትኩት እኔ ነኝ። የዚያን ዕለት ጠዋት፣ ጋሼ ቁልፎቹን ቆጥረው ከጨረሱ በኋላ፣ መርዋን ጃኬቱን ወንበር ላይ ጥሎ ጫማውን ሲያስር ሸጎጥኩለት። ሐሳቤ አሳንሰሩ ጋ ሲደርስ "ቁልፍ ጎደለ!" ብዬ መልሼ ላስሮጠው ነበር፤ ሌላ ተንኮል አልነበረኝም። ቫኑ መጣ፣ "ግቡ ግቡ" ተባለ፣ ተንጋግተን ገባን፣ እኔም ረሳሁት። ያስታወስኩት ቁልፉ ከኪሱ ሲወጣ ነው። ሥራ ከገባሁ ገና አራት ወሬ ነበር። ምን አደረግሁ? ክዳኖቼን አነሳሁና ከደጋፊው ሁሉ በላይ ጮኽኩ። ከዚያ ቀን ጀምሮም ጋሼን እንደ እኔ የጠመደ ሰው አልነበረም። አሁን ገባችሁ?

"መቼ ነው ያወቁት?" አልኳቸው።

"ሰኞ ጠዋት።"

"ታዲያ ለምን አልተናገሩም?"

"ያባርሩህ ነበር። መርዋን ሥራ የሚያውቅ ልጅ ነው፣ የትም ይቀጠራል። አንተ ያኔ ወደ ቤትህ የሚወስደውን አውቶቡስ እንኳ ትሳሳት ነበር።"

"መርዋንስ?"

"ማክሰኞ ሄጄ፣ ልክ ነበርክ፣ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ አልኩት። ማነው የከተተው አለኝ። እሱን አልነግርህም አልኩት። እንግዲያው ይቅርታዎን ይያዙት ብሎኝ ሄደ።"

"አምስት ዓመት ሙሉ መኪናዎ ላይ ስጽፍ ዝም ብለው አዩኝ?"

"ጽሕፈትህ ተሻሽሏል" አሉኝ።

ጋሼ፣ ይኼን ቀን በሳቅ አያሳልፉብኝም። እዚህ ላይ አልስማማም! ስሜን መጥራት ነበረብዎት። መርዋን ያጣው ዋንጫ ብቻ አይደለም፤ እውነት ተናግሮ በሰው ፊት ውሸታም ሆኖ ነው የወጣው። የእኔ እንጀራ እንዳይቋረጥ ብለው የእሱን ስም ሜዳ ላይ ጥለውት ቀሩ። እርስዎ ቁልፍ ሦስቴ የሚቆጥሩ ሰው፣ ይኼን እንዴት ሳይቆጥሩ ወጡ? ይኼ ቅሬታዬ ከእርስዎ ጋር ጡረታ አይወጣም።

ከዚህ በኋላ የምለውን ደግሞ ሳልስቅ ነው የምለው፤ ብሩክታይት፣ ጊዜውን መዝግቢልኝ።

ያንን ሰኞ ሌላ ሰው ቢሆን ቁልፍ እንዳልነካ ያደርገኝ ነበር። እርስዎ ሰሌዳው አጠገብ አቆሙኝ። "ቁጠር" አሉኝ። ለምን እንደሆነ አልነገሩኝም፤ ቅጣት መሰለኝ፤ ከጀርባዎ እያፌዝኩ ቆጠርኩ። አምስት ዓመት ቆጠርኩ። ዛሬ አሳንሰሩ ጋ ደርሶ የሚመለሰው ማነው? እኔ ነኝ። እርስዎ ሲሄዱ ሰሌዳውን የምረከበውም እኔ ነኝ፤ ባለፈው ሳምንት ነው የተነገረኝ። ይኼ ሁሉ ሰው በእኔ ምክንያት ሲያማዎት፣ ሻማ ሲቆጥርብዎት፣ አንዲት ቃል ቢተነፍሱ ነፃ ይወጡ ነበር። አልተነፈሱም። አባት ለልጁ እንኳ ይኼን ያህል ዝም አይልም። አመሰግናለሁ፣ ጋሼ። ተሳስተዋል፤ ግን አመሰግናለሁ። ሁለቱንም ይቀበሉኝ።

እናንተ ደጋፊዎች ደግሞ ስሙኝ። ከዛሬ ጀምሮ በጋሼ ላይ አንድ ቃል የሚወረውር ከእኔ ጋር ነው። በዚያ ጨዋታ የተናደደ፣ ሰው መስደብ ያማረው፣ እኔ አለሁለት፤ ከሰኞ እስከ አርብ፣ ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ጀምሮ አንደኛ ፎቅ ላይ ያገኘኛል። መኪናዬ ጥቁር ናት። አቧራ በደንብ ይታይባታል።

አሁን ስጦታው። ይኼ ሳጥን እንደምታዩት ተቆልፏል። ውስጡ ኳስ አለ፤ የሁለቱም ፓርኪንግ ሠራተኞች ፈርመንበታል። እስክሪብቶም አብሮ አለ፤ አንድ ፊርማ ስለሚጎድል። ቁልፉስ? ዛሬ በሩ ላይ ቆሜ ጃኬታችሁን በክብር እየተቀበልኩ ወንበራችሁ ላይ ሳንጠለጥል "ፍሰሐ ጨዋ ሆነ" ያላችሁ ነበራችሁ።

መርዋን፣ እጅህን ጃኬትህ ኪስ ውስጥ ክተት።

አዎ። ይኼኛውን ማን እንደከተተው በሰው ሁሉ ፊት እየነገርኩህ ነው። ያኛውንም። አንተ ያን ቀን የተናገርከው እውነት ነበር፤ የሰማህ ሁሉ አሁን ደግሞ ይስማ። ይቅርታ አድርግልኝ፤ ካላደረግክም አልፈርድብህም። ግን ደንቡን ታውቀዋለህ። ብሩክታይት ልታደርስልህ አትችልም፣ እኔም አልችልም። ከወንበርህ እስከ ጋሼ ወንበር አሥራ ሁለት እርምጃ ነው፤ ሦስቴ ቆጥሬዋለሁ። ልትመታኝ ከፈለግክ መንገድህ ላይ ነኝ የቆምኩት።

ሌሎቻችሁ ብርጭቆ አንሱ። ቢራም ያዛችሁ፣ ኮካም ያዛችሁ፣ አንሱ። ጋሽ ልዑልሰገድ፣ ጤናዎ እንደ ፊሽካዎ አይለይዎት። ጉልበትዎ ደረጃ አይፍራ። ምንም ሳይቆጥሩ የሚተኙበት እንቅልፍ ይስጥዎት። እትዬ ሰርክአዲስን ደግሞ ፈጣሪ ትዕግሥቱን ያብዛላቸው። ዋንጫው የእኛ ነበር! ለጋሽ ልዑልሰገድ!

ቆይ፣ ማንም እንዳይጠጣ።

ተነስ እንጂ መርዋን፤ ሰው እየጠበቀ ነው።