ወይዘሮ ሐምዲያ ጂብሪልና ለመዲና ያወረዱት ሙሾ

ክቡራን ለቀስተኞች፣ ጀናዛው ከመነሣቱ በፊት ሙሾ ይውረድ አይውረድ በሚል ሽማግሌዎችና ሴቶች ከማለዳ ጀምሮ እንደተካረሩ፣ ከመንገዱ ማዶም አደባባይ ጩኸት እንዳይሰማ የሚጠብቅ የፖሊስ መኪና እንደቆመ ሁላችንም እናያለን፤ ቢሆንም እኔ የአክስታቸው ልጅ አብዱልሰላም የሟቿን ሕይወት እስካነብ ድረስ ጆሯችሁን አውሱኝ።

ወይዘሮ ሐምዲያ በ1948 ዓ.ም. በወሎ፣ ሐይቅ አካባቢ፣ ከአባታቸው ከሼህ ጂብሪልና ከእናታቸው ከወይዘሮ ሬሕማ ተወለዱ። አባታቸው መንዙማ የሚለው ቃል ከዐረብኛ እንደመጣና በክር እንደተሰካ ዶቃ የተሰደረ ስንኝ ማለት እንደሆነ እያስረዱ ሲያስተምሯቸው፣ እናታቸው ደግሞ ከክርስቲያን ጎረቤቶቻቸው ጋር ለቅሶ እየወሰዱ ሙሾ አስለመዷቸው፤ እሳቸውም የዜማን ሁሉ ስም ከየት መጣ ብለው ሳይጠይቁ የማያልፉ ልጅ ሆኑ።

እስከ ስድስተኛ ክፍል ተማሩ፤ በሠላሳ አምስት ዓመታቸው፣ በ1983 ዓ.ም.፣ ወደ ካርቱም መጥተው አል-ጣኢፍ በሚባለው ሰፈር በቤት ሠራተኛነት ተቀጠሩ፤ ባሕሪ በሚባለው የከተማው ክፍል በብየዳ ሥራ የሚተዳደሩትን አቶ ረሺድን አግብተውም እዚሁ ጀብራ ሰፈር ጎጆ ወጡ፤ ልጃቸውን አሚናንም ወለዱ። ዐርብ ዐርብ አማርኛቸው የሳሳ የሰፈሩን ልጃገረዶች ሰብስበው እንጉርጉሮ ከማንጎራጎር፣ ዘለሰኛም አንገትን ዘለስ ከማድረግ እንደመጣ ያስረዷቸው ነበር። የሙሾን ምንጭ ሲጠየቁ ግን እንደማያውቁት ሳያፍሩ ተናግረው፣ ሥራው የሟችን አባት፣ አገርና አሟሟት ለሰሚ ማሳወቅ መሆኑን ብቻ ይነግሯቸው ነበር።

በ1990 ዓ.ም. መዲና የምትባል የከሚሴ ልጅ በተቀጠረችበት ቤት ሞተች። አሠሪዎቿ ከደረጃ ወድቃ ነው፣ ዘመድም የላትም ብለው በጥድፊያ ሊቀብሯት ሲሰናዱ፣ ወይዘሮ ሐምዲያ መቀነታቸውን አጥብቀው ከደጃፉ ቆሙ። አቶ ረሺድ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃድ፣ የሌላት ሴት እንዴት አደባባይ ትጮኻለች፣ ሙሾስ በሃይማኖታችን ሐራም አይደለም ወይ ብለው ክንዳቸውን ቢይዙም አልተመለሱም። የመዲናን አባት ስምና አገሯን፣ ደግሞም አስከሬኗን ያጠበችው ሴት በመዲና አንገት ላይ ያየችውን ሰንበር በአማርኛ ሙሾ አውርደው፣ ያንኑ በዐረብኛ ስለደገሙት ጎረቤቱ ሁሉ ከየበሩ ወጣ። ቀብሩ ቆመ፤ አስከሬኑ ተመረመረ፤ መዲናም በወገኖቿ እጅ ተገነዘች። ወይዘሮ ሐምዲያ ግን በዚያው ዕለት ታሰሩ፤ ሲፈቱም ሥራቸውን አጡ። ባልና ሚስቱ በዚህ ነገር እስከ መጨረሻው አልተስማሙም፤ አንድ ማዕድ እየቆረሱም ስለዚያ ቀን አያነሡም ነበር።

ወይዘሮ ሐምዲያ በኩላሊት ሕመም ሲሠቃዩ ቆይተው ዛሬ፣ ሚያዝያ 1999 ዓ.ም.፣ ንጋት ላይ ዐረፉ፤ ሙሾ ይውረድልኝም አይውረድብኝም ሳይሉ።

ባለቤታቸውን አቶ ረሺድን፣ ልጃቸውን አሚናንና ዐርብ ዐርብ ያስተማሯቸውን ልጃገረዶች ትተው ሄደዋል። አላህ ቀብራቸውን ያስፋላቸው፣ ያብራላቸው፤ ጀነትንም ማረፊያቸው ያድርግላቸው።

ማንበብ ከመጀመሬ በፊት አቶ ረሺድ ጠርተውኝ፣ ባለቤታቸው የአባታቸው ስም ሳይጠራ፣ አገራቸውም ሳይነገር አፈር እንዲገቡ እንደማይሹ ነግረውኛል። ፖሊስ ቢመጣ በሩ ላይ የሚቆሙት እሳቸው ናቸው። እናቶቻችን፣ እኅቶቻችን፣ ጀምሩ።