ለአራሷ የተሳበው ገመድ

ከቢቸና ወደ ሞጣ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ፣ ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ጎናቸው ያለውን ጎልማሳ ስላቀፈው ጥቅል ገመድ ጠየቁት።

«የመብራት ነው፣ ወንድሜ?»

«የቪዲዮ ነው፣ እትዬ። የተዋስኩትን ልመልስ ነው።»

«ምን አደረግህበት?»

«ልጄን ዳርኩ። ሠርጉ እህቱ በወለደች በሳምንቱ ሆነ፤ አራስ እንዴት ዳስ ትውጣ? ያላት አንድ ወንድም ነው፣ ስታለቅስ ሰነበተች።»

«ውይ፣ እኔን!»

«ቪዲዮ ቀራጩ ካሜራውን እሷ ካለችበት ጓዳ ቴሌቪዥን ጋር ላገናኘው አለ። መጀመሪያ ሦስት አጫጭር ገመድ ቀጣጠልን፤ ምስሉ ተንቀጠቀጠ፣ ሙሽራውና ሚዜው እንኳ አይለዩም። አንድ የሞጣ ቪዲዮ ቤት ይህን ወፍራሙን አዋሰን። መቀጠያ የለውም፣ በጓሮ በኩል እስከ ዳሱ ደረሰ።»

«አየችው ታዲያ?»

«ልክ ጉልበቴን ሲስም ከጓዳ እልል አለች፤ ዳሱ ሁሉ ሰማ! እሱም ዞሮ ለካሜራው እጅ ነሳ።»

«ለካሜራ? ሰው ምን አለ?»

«ሙሽራው ገና በጠዋቱ ጠጥቷል አሉ።»

«ይበሉ! እህቱን አይደል የተሳለመው? ያዋሳችሁን ሰው እግዜር ይስጠው።»

«አሜን። ማር ይዤለታለሁ።»

የገመዱ ጫፍ በወንበሩ ሥር ወደ እኔ ሲንሸራተት፣ እንዳልረግጠው እግሬን ሰበሰብኩ።